ሳይሎን ይዤ ኢምፖሲብል ላይ 100ኛው ዙር ሳይደርስ እጨፈለቃለሁ፤ ችግሩ የት ጋ ነው? (ማስተር ኦፍ ኦርዮን 2)

ሌሊት_ዘበኛ (ክሩን የጀመረ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ማስተር ኦፍ ኦርዮን 2ን (በዙር የሚሄደውን የጠፈር ስትራቴጂ የኮምፒውተር ጌም) ሃርድ ላይ ማሸነፍ ስለሰለቸኝ ወደ ከባዱ ደረጃ፣ ወደ ኢምፖሲብል ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ድል የሚባል ነገር አላየሁም።

ሁልጊዜ የምይዘው ሳይሎን የሚባለውን ዝርያ ነው። ክሪኤቲቭ ናቸው፤ ሌላው ዝርያ ከሦስት ቴክኖሎጂ አንዱን ሲመርጥ እነሱ ሦስቱንም ይወስዳሉ። በምርምርም የሚደርስባቸው የለም። 80ኛው ዙር አካባቢ በቴክኖሎጂ ከሁሉም እቀድማለሁ። ከዚያ ክላኮን ወይም ሳክራ የሚባል ሌላ ዝርያ ከጎን ይነሳና እንደ አንበጣ ይወርድብኛል። መርከቤ ከመርከባቸው ይሻላል፣ እሺ። ግን ሁለት መርከብ ሃያውን ምን ያደርጋል?

ሴቩን (ያስቀመጥኩትን ጨዋታ) አያይዣለሁ። ስታርዴት (የጌሙ ቀን መቁጠሪያ) 3509.5 ላይ ነው፣ ማለትም 95ኛው ዙር። ክላኮኖች ጦርነት ያወጁት ገና አሁን ነው፤ መርከቦቻቸው መንገድ ላይ ናቸው። እባካችሁ እዩልኝ።

አንድ_ዙር_ብቻ

ሳይሎንን ተዋቸው። ሌላ ምክር የለኝም።

ክሪኤቲቭ_ወይ_ሞት

ይሄ ምክር ነው እንግዲህ? ሳይሎን የጨዋታው ምርጥ ዝርያ ነው። ችግሩ ሰውዬው መከላከያ ስላልሠራ ነው። ሴቩን ሳላይ እንኳን ይገባኛል።

ቆጣሪው

እኔ ሴቩን ከፍቼ አየሁት። ጦርነቱን ለጊዜው እርሳው፤ ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በፊት ነው። የኮሎኒ (የሰፈራ) ሰሌዳውን ክፈትና አብረን እንይ።

ዋናው ፕላኔትህ ላይ 18 ሕዝብ አለ። መያዝ የሚችለውም ባዮስፌሩን (ቦታ የሚጨምረውን ሕንፃ) ጨምሮ 18 ነው። 9 ገበሬ፣ 7 ሳይንቲስት፣ 2 ሠራተኛ አሰልፈሃል። አንድ ሠራተኛ 3 ምርት ይሰጣል፤ አውቶሜትድ ፋክተሪ ስላለህ 4 ይሆናል፤ ፋብሪካው በራሱ 5 ይጨምራል። ድምር 13። ብክለቱ ገና አልተቀነሰም። አሁን ወረፋ ላይ ያስቀመጥካት የኮሎኒ መርከብ ደግሞ 500 ምርት ትፈጃለች። በ13 ብታካፍለው ወደ 40 ዙር ነው! እሷ ተሠርታ እስክታልቅ አንተ የለህም።

ቀጥል። ሕዝብህ መጨመር አቁሟል። በዚህ ጌም አንድ ፕላኔት ፈጥኖ የሚዋለደው ግማሽ አካባቢ ሲሞላ ነው። ባዶ ሲሆን ቀስ ይላል፣ ጢም ሲል ዜሮ ይሆናል። የአንተ ዋና ፕላኔት ጢም ብሎ ቁጭ ብሏል። ሁለተኛዋ ኮሎኒህ ላይ 3 ሰው ብቻ አለ። ከዋናው አራት ሰው አንስተህ ወደዚያ ብትልክ ሁለቱም ቦታ መዋለድ ይጀምራል። እዚህ የጎደለው ይተካል፣ እዚያ ያለው ይበዛል። በነፃ የምታገኘው ነገር ይሄ ነው።

ለምን አልላክህም? ጭነት መርከብ ስለሌለህ። ያሉህ አምስት ብቻ ናቸው፣ ሦስቱ እህል እያመላለሱ ነው። አንድ ሰው ለማጓጓዝ አምስት ይፈልጋል። አምስት ጭነት መርከብ 50 ምርት ነው፤ 500 የምትፈጀውን ከመጀመርህ በፊት አራት ዙር ያህል ጭነት መርከቦቹን ማሠራት ነበረብህ።

ሌላም አለ። ዋናው ፕላኔትህ ያለበት ሥርዓተ ፀሐይ ውስጥ ማንም ያልያዘው ፕላኔት ተቀምጧል። ጠፍ ነው፣ ብዙ ሰው አይዝም፣ ግን የአንተ ነው። እዚያው ሥርዓት ውስጥ ለመስፈር የኮሎኒ መርከብ አያስፈልግም፤ ኮሎኒ ቤዝ ይበቃል፣ እሱ 200 ነው።

የምርምር ነጥብህን አየሁት፣ ቆንጆ ነው። ግን ምርምር የሚሠራው ሰው ነው። ክላኮኑ በአንተ 95 ዙር ሰባት ፕላኔት ይዟል። እሱ በአማካይ ሳይንቲስት የአንተን ጎበዝ ሳይንቲስት በቁጥር ይበልጠዋል።

ሌሊት_ዘበኛ

ቆጣሪው፣ እግዜር ይስጥልኝ። የ500ውን ሒሳብ ሳየው ሳቄ መጣ። ግን አንድ ጥያቄ። ሳይንቲስቶቹን ወደ ሠራተኛ ካዞርኳቸው ሳይሎን መያዜ ምን ፋይዳ አለው?

ቆጣሪው

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እና መልሱ አይጥምህም። ለመጀመሪያዎቹ ከ40 እስከ 50 ዙሮች ብዙ ፋይዳ የለውም።

ስበትን ደግሞ አትርሳ። ሳይሎን ዝቅተኛ ስበት የለመደ ዝርያ ነው። መካከለኛ ስበት ያለበት ፕላኔት ላይ ሲሰፍር ሥራው በ25 በመቶ ይወርዳል፤ ከባድ ስበት ላይ በ50 በመቶ። ሁለተኛዋ ኮሎኒህ መካከለኛ ናት። እዚያ ያሉት ሰዎች ሦስት ሩብ ሰው ናቸው።

አንድ_ዙር_ብቻ

ሳይሎንን ተዋቸው ብዬ ነበር።

ክሪኤቲቭ_ወይ_ሞት

ቆይ ቆይ። የምትሉት ሁሉ የሳይሎን ጉድለት ነው እንጂ የክሪኤቲቭ አይደለም። ሁለቱን አትቀላቅሉ። ዝርያ ራስህ ስትሠራ 10 ነጥብ ይሰጥሃል፣ ጉድለት ከተቀበልክ ሌላ 10 ትጨምራለህ። ክሪኤቲቭ 8 ነው። ዩኒፊኬሽን መንግሥት 6። ምርት +2 ደግሞ 6። ይኸው 20። ስበቱ መካከለኛ፣ ምርቱ ከፍ ያለ፣ ቴክኖሎጂው ሙሉ። ማን ይችለዋል?

የዶስ_ዘመን

እኔ እችለዋለሁ፣ ልጄ።

ይሄ ጌም በ1996 ሲወጣ ጀምሮ ነው የምጫወተው። ያኔ ሁለት ሰው አንድ ኮምፒውተር ላይ ተራ በተራ እየተቀመጠ፣ ወይም በሞደም ተያይዞ ነበር። ከሰው ጋር ስትጫወት ክሪኤቲቭ የያዘውን ቀድመህ ነው የምትሄድበት። ምክንያቱም 8 ነጥብ የከፈለው ለነገ ነው። ዛሬ ላይ እጁ ባዶ ነው። ቴክኖሎጂውን ሁሉ ያገኛል፣ እውነት ነው፤ ግን ዋጋው አይቀንስለትም፣ ፍጥነቱም አይጨምርም። ሦስቱን ያገኘ ሰው ሦስቱንም የሚሠራበት ምርት ከሌለው ዝርዝር ብቻ ነው የያዘው።

የእኔ ይሄ ነው፦ ዩኒፊኬሽን 6፣ ቶለራንት 10፣ ምርት +1 በ3፣ ትልቅ ዋና ፕላኔት በ1። ጉድለቱ ሪፐልሲቭ (ሌላው ዝርያ የሚጸየፈው መሆን)፣ የመርከብ መከላከል መቀነስ፣ የምድር ውጊያ መቀነስ፤ 6 እና 2 እና 2። ቶለራንት ስለሆንኩ ብክለት አይነካኝም፤ ሌላው ጥቂት ሰው ብቻ በሚያሰፍርበት መርዛም ፕላኔት ላይ እኔ ብዙ አሰፍራለሁ። ዩኒፊኬሽን በምርትና በእርሻ ላይ 50 በመቶ ይጨምራል፣ ስለ ሕዝቡ ሞራልም አልጨነቅም።

ክሪኤቲቭ_ወይ_ሞት

ጋሼ፣ በእርስዎ ዘመን ከሰው ጋር ነው። ልጁ ከኮምፒውተር ጋር ነው የሚጫወተው። ሪፐልሲቭ ሲሆኑ ማን ያናግርዎታል? ንግድ የለ፣ ቴክኖሎጂ መለዋወጥ የለ፣ ውል የለ። አንዱን ቴክኖሎጂ መርጠው የተዉትን ሁለቱን ከየት ያመጧቸዋል?

የዶስ_ዘመን

ከባለቤቱ ላይ።

ቀልዴን አይደለም። የጠላት ፕላኔት ስትይዝ ቴክኖሎጂም ልታገኝ ትችላለህ፣ ሰዎቹንም ታገኛለህ። የተያዘ ሰው የዝርያውን ችሎታ ይዞ ነው የሚቀረው። ሳይሎን እጄ ከገባ ሳይንቲስት አደርገዋለሁ፤ ክላኮን ከሆነ ሠራተኛ። እንዲያውም የሳይሎንን ጥቅም በደንብ የማውቀው ከያዝኳቸው በኋላ ነው።

ጨረቃ_2

ወንዶቹ ስትጨቃጨቁ እኔ ሴቩን ከ3509.5 ቀጥዬ ተጫወትኩት። ይድናል። ቆንጆ አይደለም፣ ግን ይድናል።

መጀመሪያ 7ቱን ሳይንቲስት በሙሉ ሠራተኛ አደረግኳቸው። 9 ሠራተኛ ሲሆን ምርቱ ከ13 ወደ 41 ዘለለ፣ ብክለት ሳይነሳለት። የኮሎኒ መርከቧን ከወረፋው አወጣኋትና ሚሳይል ቤዝ አስገባሁ። ከዚያ ግዢ አለ፤ ሌሊት_ዘበኛ ካዝናህ ውስጥ ብር ተኝቷል፣ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ግን በመጀመሪያው ዙር እንዳትገዛ። ምንም ያልተሠራለት ነገር ስትገዛ ለአንድ ምርት 4 ትከፍላለህ። ግማሹ እስኪሠራ ከጠበቅክ 2 ይሆናል። ሚሳይል ቤዙን ጥቂት ዙር አሠርቼ፣ ግማሹን ሲያልፍ የቀረውን ገዛሁት። ቀጥሎ ስታር ቤዝ፣ ማለትም ፕላኔቱን የሚጠብቅ የጠፈር ጣቢያ።

ክላኮኖች ሲደርሱ ውጊያው የተደረገው ፕላኔቱ አጠገብ ነው። መርከቦችህን ወደ ፊት አላወጣኋቸውም። ከስታር ቤዙ ኋላ አቁሜ፣ የቤዞቹ ሚሳይሎች ቀድመው እስኪመቱ ጠበቅኩ። ከመጡት አብዛኞቹ ትንንሽ ፍሪጌቶች ነበሩ፤ ሚሳይል ሲያገኛቸው ወዲያው ያልቃሉ። ሁለት ክሩዘር ሸሽተው አመለጡ። ሁለተኛዋ ኮሎኒህ ግን ተያዘች። መከላከያ አልነበራትም፣ ምንም ማድረግ አልቻልኩም።

ከዚያ ሰላም ለመንኳቸው። እምቢ አሉ። አንድ የማያስፈልገኝ ቴክኖሎጂ በስጦታ ሰጠኋቸውና ከጥቂት ዙር በኋላ እንደገና ጠየቅኩ። ተስማሙ! ሳይሎን ሪፐልሲቭ ስላልሆነ ነው ድርድሩ የቀለለው፤ በጋሼ ዝርያ ቢሆን ይከብድ ነበር።

የዶስ_ዘመን

በእኔ ዝርያ ቢሆን 95ኛው ዙር ላይ ሰላም የሚለምነው ክላኮኑ ነው። ግን አጨዋወትሽ ጎበዝ ነው፣ አልደብቅም።

አዲስ_ገቢ

ይቅርታ ውይይቱን ላቋርጥ። እኔ እስካሁን ስቴላሪስ የሚባለውን የጠፈር ጌም ብቻ ነው የተጫወትኩት። ይሄኛው ከሱ ይሻላል?

ክሪኤቲቭ_ወይ_ሞት

ስቴላሪስ በዙር አይሄድም፤ ሰዓቱ ራሱ ይሮጣል፣ ስትፈልግ ታቆመዋለህ። ይሄኛው አንተ ዙር ጨርሻለሁ ካላልክ አንድ ነገር አይንቀሳቀስም። ውጊያውም እንደዚያው ነው፤ መርከቦችህን አንድ በአንድ ታዛለህ። ይሻላል አይሻልም የጣዕም ጉዳይ ነው። ስዕሉ አሮጌ ነው፣ እወቀው።

አዲስ_ገቢ

አሮጌ ስዕል አያስፈራኝም። ከየትኛው ልጀምር? 1፣ 2፣ 3 አለ፣ በ2016 የወጣም አየሁ።

የዶስ_ዘመን

የመጀመሪያው 1993 ነው። ስለ እሱ ሲጻፍ ነው አለን ኤምሪክ የሚባል ጸሐፊ ኮምፒውተር ጌሚንግ ወርልድ መጽሔት ላይ ለእንዲህ ዓይነት የአሰሳና የግዛት ማስፋፋት ጌም 4X የሚለውን ስም ያመጣው። ከዚያ በፊት እንዲህ ዓይነት ጌም አልነበረም ማለት አይደለም፤ ሪች ፎር ዘ ስታርስ 1983 ነው። ስሙ ግን ከዚያ ወዲህ ነው የተለጠፈው።

አንደኛውና ሁለተኛው በጣም ይለያያሉ። በአንደኛው አንድ ሥርዓተ ፀሐይ ማለት አንድ ፕላኔት ነው። ሕንፃ በሕንፃ አትሠራም፤ ምርቱን ለመርከብ፣ ለመከላከያ፣ ለኢንዱስትሪ፣ ለብክለት ማጽጃ፣ ለምርምር እያልክ በመስመር ታከፋፍላለህ። ሠላሳ ፕላኔት ይዘህ እንኳን ዙሩ አይረዝምም። ሁለተኛው ላይ ሠላሳ ፕላኔት ከያዝክ እያንዳንዱን ሕንፃ ስታዝ ሌሊቱ ይነጋል።

ሦስተኛው በ2003 ወጣ። አልፈን እንሂድ።

አንድ_ዙር_ብቻ

ሦስተኛውን አትንካው።

ጨረቃ_2

አንደኛውን መሞከር ከፈለግክ ሬምናንትስ ኦፍ ዘ ፕሪከርሰርስን አውርድ። ነፃ ነው፣ የአንደኛው ዘመናዊ ቅጂ ነው፣ ስዕሉም ያምራል። ፍሪኦርዮንም አለ፣ እሱም ነፃ ነው፤ ግን ከስሙ በቀር የራሱ የሆነ ሌላ ጌም ነው። የ2016ቱ ለጀማሪ ቀላል ነው፤ ውጊያው ግን በዙር አይደለም፣ እዚህ ያሉት ሽማግሌዎች ይሄን ይቅር አላሉትም።

የዶስ_ዘመን

አላልንም።

አወያይ

አዲስ_ገቢ፣ እንኳን ደህና መጣህ። ስለ ጌም ምርጫ ሌላ ክር ብትከፍት ይሻላል፤ እዚህ ስለ ሌሊት_ዘበኛ ሴቭ እንቀጥል።

ሌሊት_ዘበኛ

ጨረቃ_2፣ በጣም አመሰግናለሁ እህቴ። ብሩን ያስቀመጥኩት መሪ ሲመጣ ለመቅጠር ነበር።

እንደ ቆጣሪው አባባል እንደ አዲስ ጀመርኩ፣ አሁንም ሳይሎን ነው። እልህ ነው። መጀመሪያ ሁሉንም ሠራተኛ አድርጌ አውቶሜትድ ፋክተሪ ሠራሁ፣ ከዚያ ጭነት መርከብ፣ ከዚያ ኮሎኒ ቤዝ። 3504 ላይ ሦስት ኮሎኒ አለኝ፣ ሁሉም እየተዋለዱ ነው። ግን በምርምር ወደ ኋላ ቀርቻለሁ፣ ዝርዝሩ ላይ አራተኛ ነኝ። ወደ ሳይንቲስት መቼ ነው የምመለሰው?

ቆጣሪው

አራተኛ መሆንህን አትይ፣ ገና ነው። እኔ የምከተለው እንዲህ ነው። ዋናው ፕላኔት ላይ ሊሠሩ የሚገባቸው ርካሽ ሕንፃዎች ሲያልቁ፣ ያኔ እዚያ ያሉትን ሠራተኞች ወደ ሳይንቲስት አዞራለሁ። ሪሰርች ላብ (የምርምር ሕንፃውን) አትርሳ። 60 ምርት ብቻ ነው፣ ለእያንዳንዱ ሳይንቲስት አንድ ይጨምራል፣ በራሱም 5 ይሰጣል። ሳይንቲስት ሳይኖር ላቡን ቀድሞ መሥራት ጥሩ ነው፤ ላቡ ሳይኖር ሳይንቲስት ማብዛት ግን ብክነት ነው።

ማዕድን የበዛበትን ፕላኔት ለሠራተኛ ተወው። መደበኛው ፕላኔት ለአንድ ሠራተኛ 3 ይሰጣል፣ ሪች የሚባለው 5፣ አልትራ ሪች 8። ድሃው 2፣ በጣም ድሃው 1። ድሃው ላይ ሠራተኛ ማስቀመጥ ዋጋ የለውም፤ እዚያ ሳይንቲስት አድርግ፣ ምርምር ማዕድን አይጠይቅም። ከሦስቱ ኮሎኒህ ሪች ያለበት አለ?

ሌሊት_ዘበኛ

አንዱ አልትራ ሪች ነው፣ ግን ከባድ ስበት አለው። ሰው ማስፈር ፈርቼ ነበር።

ቆጣሪው

ስበቱ ግማሹን ይወስድ። የ8 ግማሽ 4 ነው፤ ከመደበኛው 3 ይበልጣል! አስፍር፣ ዛሬውኑ።

ክሪኤቲቭ_ወይ_ሞት

እና ክሪኤቲቭ ስለሆንክ ግራቪቲ ጀነሬተሩ (ስበት የሚያስተካክለው ሕንፃ) ሳትመርጥ ይመጣልሃል። ከዚያ የስበቱ ጉዳት ይቀንስልሃል። ይሄን የሚያነሳ ሰው ጠፋ እንዴ?

የዶስ_ዘመን

እስኪመጣ ድረስ በሕይወት ካለ።

ጨረቃ_2

ሌሊት_ዘበኛ፣ ከመርከብ በፊት አንድ ነገር ልጨምር። ስታር ቤዝ ለመከላከያ ብቻ አይደለም፣ ኮማንድ ፖይንትም (መርከብ ለማዘዝ የሚያስፈልገውን ነጥብ) ይሰጣል። ሃያ መርከብ ሠርተህ ኮማንድ ፖይንቱ ካልበቃህ ለሚጎድለው ለእያንዳንዱ ነጥብ በየዙሩ 10 ከካዝና ይወጣል። ፍሪጌት አንድ ነጥብ ነው የምትይዘው፣ ባትልሺፕ አራት። ክላኮኑን ስትመልሰው በገንዘብ እንዳትወድቅ።

ጎረቤትህ ማነው አሁን?

ሌሊት_ዘበኛ

በአንድ በኩል ሳክራ፣ በሌላው ዳርሎክ። ከሳክራ ጋር የንግድ ውል አለኝ፣ እስካሁን ጸጥ ብለዋል። ዳርሎኮች ደግሞ ከትናንት ጀምሮ አንድ ቴክኖሎጂ ሰርቀውኛል፣ ሌላ ሕንፃም አፍርሰውብኛል።

አንድ_ዙር_ብቻ

ሰላይ አሠልጥን። አሁን። አንድ ዙር ሳታሳልፍ።

የዶስ_ዘመን

ይሄ ልጅ ከጀመረ ትክክል የተናገረው አሁን ነው። የሠለጠኑትን ሰላዮች ሁሉ ለመከላከያ አስቀምጣቸው፣ ለመስረቅ አትላካቸው፤ በስርቆት ከዳርሎክ ጋር አትወዳደርም። ሳክራዎቹን ደግሞ ጸጥ ብለዋል ብለህ እንዳትተኛ። እነሱ የሕዝብ ዕድገታቸው እጥፍ ነው፤ ዛሬ የሌላቸው መርከብ በቅርቡ ይኖራቸዋል። አጥቂ ላለመሆን የሚያስማማውን ውል ጠይቃቸው፣ ሚሳይል ቤዙንም በሳክራ በኩል ካለችው ኮሎኒ ጀምር። 3506 ላይ ሴቩን እዚህ ጣልልን።